ከደሴ ሆኖ የሩቅ ሰርቨር ሰርቪሶችን ማስተዳደር፦ ስክሪፕት፣ አንሲብል፣ ሶልት ወይስ ፐፔት?

ደሴ ቁጭ ብሎ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ማሽኖቹ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይደሉም። አንዱ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው። ሌላው ጀርመን የተከራየ ቪፒኤስ (ከትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ የሚከራይ ምናባዊ ማሽን) ነው። ሦስተኛው ኮምቦልቻ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ዴስክቶፕ ነው፤ ሰርቨር የተባለው ኡቡንቱ ሊኑክስ ስለተጫነበት ብቻ ነው። ሥራው ግን ሁሉም ላይ አንድ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ይነሳ፣ ዳታቤዙ ይነሳ፣ ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ሲቀየር ሰርቪሱ ሪስታርት ይደረግ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ያለ ሰው እጅ ይመለስ።

ይህን አንድ በአንድ እየገቡ በእጅ መሥራት ማሽኑ ሁለት ሲሆን ያስኬዳል። ሰባት ስምንት ሲሆን ያደክማል። ከድካሙ የከፋው ደግሞ የትኛው ላይ ምን እንደሠራችሁ ይጠፋችኋል። ስለዚህ ኮድ ትጽፋላችሁ። በየትኛው መሣሪያ? ተራ ስክሪፕት አለ፤ ብዙ ማሽን በአንድ ኮድ ለማስተዳደር የተሠሩት አንሲብል፣ ሶልት፣ ፐፔትና ሼፍም አሉ። በየቦታው የምታነቡት ንጽጽር ስለ ፍጥነትና ስለ ዝና ነው። እኔ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ግንኙነቱን የሚጀምረው ማን ነው? ሥራው መሐል ላይ መስመሩ ቢቆረጥስ ምን ይሆናል? ኔትወርክ በማይጠፋበት አገር የተጻፉ መመሪያዎች ሁለተኛውን ጥያቄ እምብዛም አያነሱትም። እኛ ጋ ግን መልሱን አለማወቅ ያስከፍላል፦ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በሐረጎ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መመለስ።

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን እዚሁ ላስቀምጥ። አብዛኞቻችሁን አንሲብል ይበቃችኋል። ግን ከላፕቶፓችሁ ሳይሆን ሌሊትና ቀን ከሚሠራ ሌላ ማሽን ላይ አሂዱት። ከውጭ ሊገባበት የማይቻል ማሽን ካላችሁ ዋየርጋርድ (ማሽኖችን የሚያገናኝ የግል መስመር፣ ቪፒኤን) ወይም አንሲብል ፑል (ማሽኑ ራሱ ሥራውን አውርዶ የሚያሄድበት መንገድ) ጨምሩበት። ሶልት ማሽኑ በመቶ መቆጠር ሲጀምር ይታሰባል። ፐፔትና ሼፍ ቀድመው የተተከሉበት መሥሪያ ቤት ከተቀጠራችሁ ተማሯቸው፤ ካልሆነ አትጀምሩ።

ከመሣሪያው በፊት ሲስተምዲ

ማሽኑ ራሱ መሥራት የሚችለውን ለማሽኑ ተዉለት። ዛሬ ሰርቨር ላይ የምታገኙት ሊኑክስ አብዛኛው ሰርቪሶቹን የሚያስተዳድረው በሲስተምዲ ነው። ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 በ2014፣ ዴቢያን 8 እና ኡቡንቱ 15.04 በ2015 መደበኛ አድርገው ያዙት። አንሲብልም ሆነ ፐፔት ሰርቪስ አስነሳሁ ሲሉ፣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚያዝዙት ሲስተምዲን ነው። እሱን ሳያውቁ ስለ መሣሪያ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሰርቪስን አሁን ማስነሳትና ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ኢኔብል የሚባለው ነው። አንዱ ሌላውን አያመጣም። ኢኔብል ያልተደረገ ዳታቤዝ መብራት እስኪሄድ ድረስ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ይነሳል፣ ዳታቤዙ ይቀራል፣ ስልካችሁ ይጮኻል። በየትኛውም መሣሪያ ብትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ሰርቪስ በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ሲስተምዲ መልሶ እንዲያነሳው ማድረግ ይቻላል፤ ሰርቪሱን ለሲስተምዲ በሚገልጸው ዩኒት ፋይል ላይ አንድ መስመር ነው። ወጥመዱ መነሻ ቅንብሩ ላይ ነው። ሲስተምዲ ከውድቀት በኋላ የሚጠብቀው 100 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ አስነስቶት እንደገና ከወደቀ ደግሞ ይተወዋል። አፕሊኬሽናችሁ ከዳታቤዙ ቀድሞ ከተነሳ ወይም ራውተሩ ገና ኔትወርክ ካላገኘ አምስቱም ዕድል ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ያልቃል። ከዚያ ዳታቤዙ ቢነሳም አፕሊኬሽኑ ወድቆ ይቀራል። መጠበቂያውን 10 ሰከንድ አድርጉት። ያኔ ገደቡ ላይ ስለማይደርስ መሞከሩን አያቆምም። ይህችን መስመር ስትጨምሩ ከጥቅሉ ጋር የመጣውን ዩኒት ፋይል አትንኩ። ማሟያ ፋይል ጎኑ ላይ አስቀምጡ፤ አፕዴት ሲመጣ አይደመሰስም።

ይህን ብቻ ያደረገ ሰው ብዙ የሌሊት ስልክ ይቀርለታል፤ መሣሪያ እንኳ ሳይመርጥ።

ማን ይደውላል?

መሣሪያዎቹ ሁለት ጎራ ናቸው። በመጀመሪያው እናንተ ወደ ማሽኑ ትደውላላችሁ፤ ሼል ስክሪፕት፣ ፋብሪክና አንሲብል እዚህ ናቸው። በሁለተኛው ማሽኑ ወደ እናንተ ይደውላል፤ ፐፔት፣ ሼፍና ሶልት እዚያ ናቸው።

የኮምቦልቻው ዴስክቶፕ ኢንተርኔት የሚያገኘው በሲም ካርድ ራውተር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የራሱ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ የሚገኝበት የኢንተርኔት አድራሻ) አይኖረውም። ወደ ውጭ መውጣት ይችላል። ከውጭ ግን ማንም አያገኘውም። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጎራ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላም አለ። እናንተ በምትደውሉበት ሰዓት እዚያ መብራት ከሌለ ለውጡ ያንን ማሽን ያመልጠዋል፤ በኋላ የሚያስታውሰውም የለም። ራሱ የሚደውል ማሽን ግን በተነሳ ጊዜ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

መሐለኛው መንገድ ዋየርጋርድ ነው። ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ ከርነሉ ውስጥ አብሮ ይመጣል። የኮምቦልቻው ማሽን ፐብሊክ አይፒ ወዳለው ቪፒኤስ ይወጣል። በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እየላከ መስመሩን ክፍት እንዲያደርግ ታዝዙታላችሁ። እናንተ በዚያው መስመር ተመልሳችሁ በኤስኤስኤች (የሩቅ ማሽን ውስጥ መግቢያ ፕሮግራም) ትገባላችሁ። የሚበላው ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ካደረጋችሁ የመጀመሪያው ጎራ መሣሪያዎች በሙሉ ኮምቦልቻም ይሠራሉ።

ሼል ስክሪፕት

አትናቁት። የማሽኖች ዝርዝር በአንድ ፋይል፣ የባሽ ሉፕ፣ ኤስኤስኤች፤ አለቀ። የሚጫን ነገር የለም። የሰርቪሶችን ሁኔታ በአንድ ጊዜ ለማየት ከዚህ የሚቀል አላውቅም። ሲስተምሲቲኤል (ሲስተምዲ የሚታዘዝበት ፕሮግራም) ራሱ እንኳ የሩቅ ማሽን ስም ከሰጣችሁት በኤስኤስኤች ገብቶ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠቀምበትም።

ሲበላሽ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው። ዝርዝሩን መስመር በመስመር በሚያነብ ሉፕ ውስጥ ኤስኤስኤች ካስገባችሁ፣ የቀረውን ዝርዝር እንደ ራሱ ግብዓት ይውጠዋል። የመጀመሪያው ማሽን ብቻ ይሠራል። ስክሪፕቱ ያለ አንዳች ስህተት ያበቃል። እናንተም ሁሉም የተዳረሰ ይመስላችኋል። መፍትሔው ኤስኤስኤች ግብዓት እንዳያነብ የሚያደርገውን የ«ኤን» ምልክት መጨመር ነው። ሌላው የመመለሻ ኮድ ነው። መስመሩ ካልተገኘ ኤስኤስኤች 255 ይመልሳል። መስመሩ ተገኝቶ ሰርቪሱ ቆሞ ከሆነ ሲስተምሲቲኤል 3 ይመልሳል። ስክሪፕቱ ሁለቱን ካልለየ «ኔትወርክ የለም» እና «ሰርቪሱ ወድቋል» አንድ ይሆኑባችኋል። የግንኙነት ጊዜ ገደብም ስጡት፤ አለበለዚያ አንድ የጠፋ ማሽን ሌሎቹን ወረፋ ያስይዛል።

ዋናው ድክመቱ ግን ሌላ ነው። ስክሪፕት ድርጊት ያዝዛል እንጂ ሁኔታ አያውቅም። «ሪስታርት አድርግ» ካላችሁት ያደርጋል። አራተኛው ማሽን ላይ መስመሩ ተቆርጦ እንደገና ብታሄዱት፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በድጋሚ ሪስታርት ያደርጋቸዋል። ካሽ ሬጅስተሩ ፊት ሰልፍ ባለበት ሰዓት ይህ ቀልድ አይደለም።

ፋብሪክ ይኸው ሥራ በፓይተን ነው። ለፓይተን ሰው ይመቻል፤ ስህተት መያዝና መለየት ከባሽ ይሻላል። ድክመቱ ግን ያው ነው፣ ድርጊት ብቻ ነው የሚያውቀው። በ2018 የወጣው ፋብሪክ 2 አጻጻፉን ስለለወጠ የድሮ ምሳሌ ገልብጣችሁ ብትሞክሩ አይሄድም።

አንሲብል

ማይክል ዴሃን በ2012 ያወጣው ነው፤ ሬድ ሃት በ2015 ገዛው። በሚተዳደረው ማሽን ላይ ኤጀንት (እዚያው ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ ፕሮግራም) አይጫንም። ኤስኤስኤችና ፓይተን ካለ ይበቃል። ፕሌይቡክ በሚባል የያምል (ቀላል የጽሑፍ አደራደር) ፋይል የምትጽፉት ድርጊት ሳይሆን ሁኔታ ነው፦ «ይህ ሰርቪስ ተነስቶ ይገኝ፣ ኢኔብል ተደርጎም ይገኝ»። ቀድሞ እንዲያ ከሆነ ምንም አይነካም። ስለዚህ መሐል ላይ መስመር ቢቆረጥ አብሽሩ፣ እንደገና ማሄድ ነው።

እንደገና ማሄድ የማያድንበት አንድ ቦታ ግን አለ። እኛ አገር ለሚሠራ ሰው የአንሲብል ትልቁ ወጥመድ እሱ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ኮንፊግ ፋይል ሲቀየር ሰርቪሱን ሪስታርት እንዲያደርግ የሚታዘዘው ክፍል ሃንድለር ይባላል። ሃንድለር የሚሠራው በጉዞው መጨረሻ ነው። አንሲብል ፋይሉን ለወጠ፣ ሃንድለሩን አስመዘገበ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ ላይ እያለ መስመሩ ተቆረጠ እንበል። ሃንድለሩ አልሠራም። መልሳችሁ ታሄዱታላችሁ። አሁን ፋይሉ ቀድሞ ተለውጧል፤ አንሲብል «የሚለወጥ የለም» ይላል፤ ሃንድለሩ አይጠራም። ውጤቱ አዲስ ኮንፊግ ዲስክ ላይ፣ አሮጌው ሜሞሪ ውስጥ። ሪፖርቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከሳምንታት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቪሱ አዲሱን ኮንፊግ ያነባል፤ ስህተት ካለበት ያኔ ይወድቃል። ማንም ምንም ባልነካበት ቀን።

መከላከያው ቀላል ነው። ኮንፊግ ከለወጣችሁ በኋላ ሌላ ረጅም ሥራ ሳይጀመር የተመዘገቡ ሃንድለሮች እዚያው እንዲሠሩ የሚያዝዝ መስመር አስገቡ። መሐል ላይ ሥራ ቢከሽፍም ሃንድለሮች እንዲሠሩ የሚያስገድድ ቅንብርም አለ። ግን ማሽኑ ጭራሽ ካልተገኘ እሱም አይረዳም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ልመዱ። በተቃራኒው፣ ሪስታርትን እንደ ተራ ሥራ አትጻፉት። ባሄዳችሁት ቁጥር ሪስታርት ያደርጋል፤ ያኔ ከሼል ስክሪፕት በምን ተሻለ?

አንሲብል በመነሻ ቅንብሩ አምስት ማሽን በአንድ ጊዜ ይነካል። አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ የሆኑ ሁለት ዌብ ሰርቨሮች ካላችሁ አንድ በአንድ እንዲሄድ እዘዙት። ያረጁ ማሽኖችንም አስቡ። ከአንሲብል ኮር 2.17 ጀምሮ በሚተዳደረው ማሽን ላይ ፓይተን 3.6 አይበቃም። ኡቡንቱ 18.04 ይዞ የመጣው ደግሞ እሱን ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ያለበት ሰው ወይ ማሽኑን ያድስ ወይ ከ2.17 በፊት ባለው ስሪት ይቆይ።

ከላፕቶፕ አታሂዱት ያልኩት ለምንድን ነው? አንሲብል ለእያንዳንዱ ሥራ ከማሽኑ ጋር ይመላለሳል። ከደሴ ጀርመን በደካማ መስመር መመላለስ ያዘግማል፤ በተቆረጠም ቁጥር ያ የሃንድለር ጣጣ ይመጣል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ አንሲብል በቀጥታ አይሄድበትም፣ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሄድ) ይጠይቃል። ቪፒኤሱ ላይ ጫኑት። ቲመክስ (መስመር ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ከፍታችሁ በውስጡ አሂዱት። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ዋይፋዩ ቢጠፋ ሥራው እዚያ ይቀጥላል፤ ስትመለሱ ካለበት ታዩታላችሁ። ፓይፕላይኒንግ የሚባለውን ቅንብርም አብሩት። ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ሲበራ ምልልሱን ይቀንሳል።

ዋየርጋርድ ለማይፈልግ ሰው አንሲብል ፑል አለ። ማሽኑ ራሱ ፕሌይቡኩን ከጊት (የኮድ ማስቀመጫ) ያወርድና ራሱ ላይ ያሄዳል። በክሮን (የቆየው የሊኑክስ ቀጠሮ አስያዥ) ሳይሆን በሲስተምዲ ታይመር አስነሱት። ታይመር መብራት ጠፍቶ ያለፈውን ቀጠሮ ማሽኑ ሲነሳ እንዲያካክስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ተራው ክሮን ያለፈውን ረስቶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ጊት ባይገኝም ቀድሞ ባወረደው ፕሌይቡክ እንዲሠራ የሚያደርግ ምልክትም አለው። ጉድለቱ ሪፖርት ነው። ከሸፈ አልከሸፈ ለማወቅ ውጤቱን ወደ እናንተ የሚልክ ነገር ራሳችሁ ማበጀት አለባችሁ።

ሶልት

ቶማስ ሃች በ2011 ያወጣው ነው። በማሽኑ ላይ ያለው ሚኒየን (የሶልት ኤጀንት) ወደ ማስተሩ (አዛዡ ሰርቨር) ይወጣል፣ በፖርት 4505 እና 4506 ተገናኝቶ መስመሩን ክፍት ይይዛል። ትዕዛዝ ስትሰጡ ሁሉም ወዲያው ይሰማል። ለመቶዎች ማሽን ፍጥነቱ ያስደስታል። ከሲም ካርድ ራውተር ጀርባ ላለ ማሽንም በወረቀት ላይ ይህን የመሰለ የለም።

በወረቀት ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2020 ኤፕሪል መጨረሻ የሶልት ማስተር ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ያለ ይለፍ ቃል በማስተሩ በኩል ማሽኖቹን ሁሉ ማዘዝ ያስችል ነበር። በቀናት ውስጥ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ ማስተሮች ተጠቁ፤ ሊኔጅ ኦኤስና ጎስት የተባሉት ፕሮጀክቶች ከተጎጂዎቹ ነበሩ። ትምህርቱ እነዚያን ፖርቶች ለዓለም ክፍት አለማድረግ ነው። ታዲያ አይፒው በየጊዜው የሚለዋወጥ የኮምቦልቻ ማሽን በፋየርዎል እንዴት ይፈቀዳል? በዋየርጋርድ። ዋየርጋርድ ካለ ደግሞ አንሲብልም ይገባል። ለጥቂት ማሽን የሶልት ብልጫ እዚህ ላይ ያልቅበታል።

ባለቤትነቱም ተዘዋውሯል። ቪኤምዌር በ2020 ገዛው፤ ቪኤምዌርን ራሱን ብሮድኮም በ2023 ጠቀለለው።

ፐፔትና ሼፍ

ፐፔት ከ2005 ጀምሮ አለ። ኤጀንቱ በየ30 ደቂቃው ሰርቨሩን ይጠይቃል። አንድ ሰው በእጁ ሰርቪስ ቢያቆም በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ ያነሳዋል። ሰርቨሩ ባይገኝ እንኳ መጨረሻ የያዘውን ዕቅድ ተጠቅሞ ይሠራል። በእኔ ሁለት ጥያቄዎች ቢመዘን እንግዲህ ፐፔት አንደኛ ይወጣ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

የሚጥለው ሌላ ነው። ሰርቨሩ ጃቫ ላይ ስለሚሠራ በመነሻ ቅንብሩ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። በዶላር ለሚከፈልበት ትንሽ ቪፒኤስ ይህ ወጪ ነው። የራሱ ቋንቋ አለው፣ የራሱ ሰርተፍኬት አያያዝም አለው። ፐርፎርስ በ2022 ከገዛው በኋላ የተዘጋጁ ጥቅሎችን ለሕዝብ ማውጣት ስለቀነሰ፣ ተጠቃሚዎቹ በ2025 መጀመሪያ ኦፕንቮክስ የሚባል ቅርንጫፍ አውጥተዋል። አዲስ ጀማሪ በዚህ ማዕበል መሐል ባይገባ ይሻለዋል። ሼፍም ተመሳሳይ ነው፤ ሩቢ ይፈልጋል፤ በ2020 ፕሮግረስ ገዝቶታል።

እናንተ ስትለቁ ሥራውን ማን ይረከባል የሚለውንም አስቡ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለወጣ ልጅ የያምል ፕሌይቡክ አስነብቡት፤ ከሰዓት በኋላ ገብቶት ይጠይቃችኋል። የሩቢ ኮድ ስጡት፣ አዲስ አበባ ሥራ ይፈልጋል።

የቱን ለማን?

ሁለት ሦስት ቪፒኤስ ብቻ ካላችሁ ሲስተምዲን በደንብ አስተካክሉ፣ ሼል ስክሪፕት በጊት አስቀምጡ፣ በቃ። ደሴ ውስጥ ሆቴልና ክሊኒክ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ መጋዘን ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንሲብል ቪፒኤስ ላይ፣ ዋየርጋርድ በየማሽኑ። ማሽኖቹ ግማሹን ቀን ጠፍተው የሚውሉ ከሆነ አንሲብል ፑል በታይመር። ብዙ ሰው ሰርቨሩ ላይ እየገባ የሚነካካበት ትልቅ ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ፐፔትን አልቃወምም።

የመረጣችሁትን ከማመናችሁ በፊት ሰንበት ላይ ፈትኑት። ቅርብ ያለውን አንድ ማሽን ያዙ። ኮንፊግ የሚለውጥ ሥራ አስጀምሩና መሐል ላይ ራውተሩን ንቀሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ሰክታችሁ ድጋሚ አሂዱ። ሰርቪሱ የተነሳበትን ሰዓትና ኮንፊግ ፋይሉ የተለወጠበትን ሰዓት አስተያዩ፤ ፋይሉ ከሰርቪሱ ዘግይቶ ከሆነ ሃንድለሩ አምልጧችኋል። ቀጥሎ ማሽኑን በኃይል አጥፉትና አብሩት። ኤስኤስኤችን ወይም ዋየርጋርድን ራሱን የሚለውጥ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከመንካታችሁ በፊት ከ5 ደቂቃ በኋላ የድሮውን ኮንፊግ የሚመልስ ጊዜያዊ ታይመር በሲስተምዲ አስነሱ። ከለውጡ በኋላ መግባት ከቻላችሁ ታይመሩን ሰርዙት። ካልቻላችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ሚኒባሱን ገና አትጥሩ።